ከዳልጮ ጋር የሚሮጠው

ዳልጮ ዳና ከዳሞት ተራራ ሥር እየሮጠ ሲወርድ የእግሩን ድምፅ የሰሙ ሴቶች የያዙትን ሥራ ያቆሙ ነበር። እንሰት የምትፍቀው መፋቂያዋን አየር ላይ ታንጠለጥላለች፤ ውሃ የምትቀዳው ቅሏን ከምንጩ ሳታወጣ ትጠብቃለች። እግሩ ደጃቸውን አልፎ ሲርቅ ብቻ ትንፋሻቸው ይመለሳል። ልጃገረዶች ደግሞ በሌለበት እንዲህ ያንጎራጉሩበት ነበር፦

እግሩ ድምፅ አሰማ በዳገቱ ማዶ፣
ማን ይሆን የመጣ ማንን ይሆን ወስዶ።

ዳልጮ የመርዶ ሯጭ ነበር። በዚያ ዘመን ስልኩም መኪናውም የከተማ ነገር ነው፤ በየጉብታው የሚኖረው ዘመድ ለቀብር የሚደርሰው ሰው ሮጦ ሲነግረው ነው። አንዱ ሯጭ ቃሉን እስከ ቀጣዩ ጉብታ ያደርሳል፣ ከዚያ ሌላው ይቀበለዋል። የዳልጮ ድርሻ ከተራራው ሥር እስከ ወንዙ ማዶ ያለው ነበር፤ ረጅም አይደለም፣ አጭርም አይደለም፤ ሳምባን የሚያቃጥል መካከለኛ ርቀት።

ሥራውን የወረሰው ከአባቱ ከዳና ነው። ዳና ሠላሳ ዓመት መርዶ ሲያደርስ ኖሮ በ1946 ዓ.ም. ጉልበቱ ከዳው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጁን ወገቡን በነጠላ አጥብቆ እያሰረው መከረው።

«ሰላምታ የለም። መቀመጥ የለም። ውሃ የለም። የሰው ደጅ ላይ የምትቆመው ቃል ሲኖርህ ብቻ ነው፤ ቆመህ ስሙን ሦስት ጊዜ ጥራ። ከዚያ ነፃ ነህ።»

«መንገድ ላይ የሚያስቆመኝ ቢኖርስ፣ አዋ?» አለ ዳልጮ። በወላይታ ልጅ አባቱን የሚጠራው እንዲህ ነው።

«የሚያስቆምህ አያሳስብህ። በግራህ የሚተነፍስ ይኖራል፤ እሱን ተጠንቀቅ።»

«ማነው እሱ?»

«ሟቹ ነዋ! ዘመዶቹን ሊያይ አብሮህ ይሮጣል። ካንተ ቀድሞ ደጁ ከደረሰ ብቻውን አይመለስም፤ ከዚያ ቤት አንድ ሰው ይዞ ይሄዳል። ቃሉን ሳትናገር ከቀረህ ደግሞ አንተ ላይ ያድራል።»

ዳልጮ የመጀመሪያ መርዶውን የተሸከመው ፀሐይ በወጣች በሁለተኛው ሰዓት ነበር፤ የአንድ ሸማኔ ሚስት ሞታ። ገና ከቁልቁለቱ ሳይወጣ በግራው በኩል ትንፋሽ ሰማ፤ አጭር አጭር፣ እንጨት እንደተሸከመች ሴት ትንፋሽ። ዞር ብሎ አየ። ሰው የለም። ሣሩ ላይ ያለው ጤዛ እንኳ በእሱ በኩል እንጂ በወዲያ በኩል አልተረገጠም። ያን ቀን እንዴት እንደሮጠ ኋላ ሲጠይቁት «እግሬ አልነበረም፣ ፍርሃቴ ነው የሮጠው» ይል ነበር።

በሶዶ የሚስዮን ትምህርት ቤት ሳይንስ የሚያስተምር ጊልሞር የሚባል ስኮትላንዳዊ ነበር። ዳልጮ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሽው ብሎ ሲያልፍ ደጋግሞ ያየዋል። አንድ ቀን ከአንዱ ባሕር ዛፍ እስከ ሌላው ባለው ርቀት በመቁጠሪያ ሰዓቱ ለካው፤ ሰዓቱ የተበላሸ መስሎት ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠው። ዳልጮ ቃሉን አድርሶ በእርምጃ ሲመለስ መንገድ ላይ ጠበቀው።

«ወንድሜ፣ ማን አሠለጠነህ?» አለ በተሰባበረ አማርኛው።

«ሟቹ ነው፣ ሚስተር።»

«ምን ያደርጋል ሟቹ?»

«ያባርረኛል።»

ጊልሞር ሳቀ። «ከኔ የተሻለ አሠልጣኝ አለህ እንዴ! እኔ ደግሞ ቁርስ ባበላህስ?»

እንዲህ ተዋወቁ። ዳልጮ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ መሮጥ ጀመረ። የሚገርመው ነገር፣ ሜዳው ላይ ያው እንደማንኛውም ጎረምሳ ነበር፤ አንድ ሺህ አምስት መቶውን ሜትር በአራት ደቂቃ ተኩል ይጨርሳል። ጊልሞር ግራ ቢጋባም፣ ለዳልጮ ግን ያ ዝግታ እንደ በዓል ነበር። በግራው ማንም የለም። ወፍ ይሰማል፣ የራሱን ልብ ይሰማል። አንድ ቀን ሣሩ ላይ ተንጋሎ፣ «ሚስተር፣ እንዲህ ብቻዬን እየሮጥኩ እንጀራዬን ብበላ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለው። ከዚያ ወዲያ የሕይወቱ ምኞት ይኸው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሞት የሌለበት ሩጫ።

ምኞቱን ያበላሸበት ግን ራሱ ነው። በ1951 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ለይርጋለሙ የጠቅላይ ግዛት ውድድር እንዲበረታ ጊልሞር በረጅም መንገድ እንዲለማመድ አዘዘው። ዳልጮ ተበላ ወደሚባለው የቆላ ገበያ ወረደ። ቆላው እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ ገበያው ዳር ሲደርስ ጉሮሮው ደረቀ፤ ውሃ ሊለምን ከአንድ ደጅ ላይ ቆመ።

እንደ መርዶ ሯጭ ወገቡን በነጠላ እንዳሰረ ነበር።

ቤቱ የወይዘሮ ሰገነት ነው። አንድ ልጅ ነበራት፣ ሶርሳ የሚባል፣ ነገሌ ጦር ሠፈር ያለ ወታደር። ዳልጮን ደጇ ላይ ቆሞ ስታየው አንድ ቃል አልጠየቀችም። ቀሚሷን እስከ ወገቧ ቀደደችው።

«እማማ፣ ኧረ ቃል የለኝም! ውሃ ነው የፈለግሁት!»

«መርዶ ሯጭ ውሃ ይጠጣል? ልትደብቀኝ ነው! ልጄን በላኸው!»

ገበያው ተበተነ። ድንኳን ተጣለ። ሦስት ቀን ሙሉ ለሶርሳ ተለቀሰ፤ በሦስተኛው ቀን በስድስት ሰዓት ሶርሳ ፈቃድ አግኝቶ ከጭነት መኪና ወረደና የገዛ ራሱ ልቅሶ ውስጥ ገባ። እልል ያለ የለም። ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው በጣታቸው ጫፍ ነኩት። እናቱ ምግብ አቀረበችለት፤ ከአንድ ሳህን ግን አብራው አልበላችም። «የኔ ልጅ፣ ተለቅሶልሃል እኮ» አለችው እያየችው፣ እንግዳ እንደምታስተናግድ ሁሉ በቀስታ።

የአገር ሽማግሌዎች ዳልጮን ጠሩት። የተናገረው አቶ ጩማ ነበር፤ አንደበቱ ስለት ያለው ሽማግሌ።

«እግርህ የኛ ነው፣ ያንተ አይደለም። ያለ ቃል እንዳትሮጥ። ያለ ቃል የሮጥክ እንደሆነ ሩጫው ራሱ ሰው ይፈልጋል።»

«ይርጋለምስ?»

«ይርጋለም መሬት አይደለም እንዴ?»

ዳልጮ ግን ሄደ። የሽማግሌን ቃል ጥሶ፣ በግንቦት ወር፣ በጊልሞር መኪና ይርጋለም ገባ።

የአንድ ሺህ አምስት መቶው ውድድር የተጀመረው ልክ እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ጥላ እንኳ ከእግር ሥር ተደብቋል። ሁለቱን ዙር ዳልጮ ከመሐል ሆኖ ቀለል ብሎት ሮጠ። ሦስተኛው ዙር ሲጀመር በግራው በኩል ትንፋሹ መጣ።

እስከዚያ ቀን ከሰማቸው ትንፋሾች አንዱንም አይመስልም። ረጅም ነው፣ የተለካ ነው፣ ሩጫ የሚያውቅ ሰው ትንፋሽ። እርምጃውም ይሰማል፦ የብረት ጥርስ ሣር ሲነክስ የሚመስል ድምፅ፤ አንዴ ጥርት ብሎ፣ አንዴ ደግሞ መሬት ጎተት እያደረገ። ዳልጮ ሌሎቹን ሯጮች አየ። ግማሾቹ በባዶ እግራቸው፣ ግማሾቹ በሸራ ጫማ ናቸው። ብረት ያደረገ የለም።

መጨረሻው ላይ ሁለት እንጨት ተተክሏል፤ በእንጨቶቹ መካከል፣ ከተወጠረው ክር ወዲያ፣ ጊልሞር ሰዓቱን ይዞ ቆሟል። ዳልጮ ሲያየው ደጅ መሰለው፤ ጊልሞር ደግሞ ደጁ ላይ የወጣ ባለቤት። ትንፋሹ ወደ ትከሻው ተጠጋ፣ እኩል ሆነ፣ ሊያልፍ ነው። «አታልፍም!» ብሎ ጮኸ ዳልጮ፤ ሕዝቡም ወኔ መስሎት አብሮት ጮኸ።

አራት ደቂቃ ከሁለት ሴኮንድ። ሁለተኛው ሲገባ ዳልጮ ጊልሞር ፊት አፉን ከፍቶ ቆሞ ነበር። ሰው ደክሞት መሰለው። እሱ ግን ቃል አፉ ላይ ነበረ፤ ስም ብቻ አልነበረውም።

ለመጪው መስከረም አዲስ አበባ ገብቶ እንዲሠለጥን ወረቀት ተሰጠው። ሶዶ ሲመለስ ወረቀቱን ለማንም ሳያሳይ የሞተ ሰው እንዳለ ጠየቀ። በዳሞት፣ በቦዲቲ፣ በቦምቤ በዚያ እኩለ ቀን የሞተ የለም። ይህ ከሞት ባሰ። አቶ ጩማ ባገኘው ቁጥር፣ «እንግዲህ ማንን እንደሚፈልግ እናያለን» ይለዋል። ትንፋሹም ይርጋለም አልቀረም። ዳልጮ ሲቀመጥ በግራው ይቀመጣል፤ ጸሎት ቤት ሲገባ አብሮት ይገባል፤ ሰዎች ሳያውቁት በስተግራው ያለውን ቦታ ባዶ ይተዉለታል። ልጁ ከሳ። «አልነገርከውም፣ አንተ ላይ አደረ» አለ አባቱ።

በሰኔ መጨረሻ ለጊልሞር ከአገሩ ደብዳቤ መጣ። ዳልጮ ሲገባ ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ ጊልሞር በመስኮቱ ዝናቡን እያየ ነበር።

«ወንድሜ ሞተ» አለ። «ታላቄ። በግንቦት።»

ዳልጮ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። «ሚስተር፣ ወንድምህ ይሮጥ ነበር?»

«በጣም! ግማሽ ማይል፣ አንድ ማይል። ሰባት ዓመት በአውራጃችን የቀደመው አልነበረም። ኋላ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ እግሩ ላይ ድንጋይ ወደቀበት። እንዲያም ሆኖ ሁለት ዓመት ሮጠ፤ የመጨረሻ እየወጣም ቢሆን ሮጠ።»

«ቀኝ እግሩን ይጎትት ነበር። ጫማው ደግሞ በብረት ያኝካል» አለ ዳልጮ።

ጊልሞር ከመስኮቱ ቀስ ብሎ ዞረ። ሥሩ ሚስማር ያለው የሯጭ ጫማ በዚያ አገር ማንም አይቶ አያውቅም። ደብዳቤውን አንስቶ የሞቱን ቀን ሁለት ጊዜ አነበበ። የይርጋለሙ ውድድር ቀን ነበር።

«ስሙ ማን ነው?» አለ ዳልጮ።

«አንገስ።»

ዳልጮ ስሙን ይዞ ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ እስከ ተራራው ሥር ሄደ፤ ወገቡን አሰረና እየሮጠ ወረደ። ሴቶቹ ሥራቸውን አቆሙ። ደጃቸውን አልፎ፣ ከተማውን አልፎ፣ የፈረንጁ ቤት ደጅ ላይ ሲቆም አዩት። ብረቱ በግራው እያኘከ ነበር፤ ዳልጮ ቀደመው በአንድ ክንድ ያህል።

«አንገስ! አንገስ! አንገስ!»

ጊልሞር፣ በደብዳቤው ላይ አንድ እንባ ያልጣለው ሰው፣ ደጁ ላይ በጉልበቱ ወደቀ። ሰው ከየአቅጣጫው መጣ። ሟቹን የሚያውቀው የለም፤ ቃሉ ግን ደጅ ላይ ተነግሯል፣ ስለዚህ ይለቀሳል። አቶ ጩማ ራሱ ከዘራውን ጥሎ ጭቃው ውስጥ ደረቱን መታ። አንዲት አልቃሽ በቋንቋዋ ያወረደችው ሙሾ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦

ባሕሩን ተሻግሮ ያለ መርከብ መጣ፣
ወንድሙን ፍለጋ ይህን ዳገት ወጣ።

ሲመሽ ጊልሞር በሹክሹክታ፣ «አሁንም እዚህ ነው?» አለው።

ዳልጮ ራሱን ነቀነቀ። «ሄደ። ስሙን ሰማ።»

በመስከረም ዳልጮ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባ። አምስት ዓመት ሮጠ። የይርጋለሙን ሰዓት ዳግመኛ አላየውም፤ አሠልጣኞቹም «ያ ሰዓት የተበላሸ ነበር» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ከመጀመሪያው ውድድሩ በኋላ ለአባቱ የላከው ደብዳቤ ሁለት መስመር ብቻ ናት፦

«አዋ፣ ስድስተኛ ወጣሁ። ብቻዬን ነበርኩ።»