በሚካኤል ዕለት የተዘራው ምስር

ባለፈው ሳምንት ከምንኖርበት የገላን ኮንዶሚኒየም ሕንፃ ሥር ካለው ሱቅ ግማሽ ኪሎ ምስር ልገዛ ወረድኩ። ባለሱቁ ገና ጢሙን በወጉ ያላበቀለ ጎረምሳ ነው። "አባባ፣ ይሄኛው የውጭ ነው፤ ቶሎ ይበስላል" አለኝ። የቆምንበት ቦታ ራሱ የምስር ማሳ እንደነበረ ነገርኩት። ለአክብሮት ያህል ፈገግ ብሎ ሚዛኑን ማስተካከል ቀጠለ። አልፈርድበትም፤ እሱ ሲደርስ እዚህ መሬት ላይ ከሲሚንቶ በቀር የሚበቅል ነገር አልነበረም። ፌስታሌን ይዤ ወደ አራተኛ ፎቅ ስወጣ ግን እግሬ ከወትሮው ይበልጥ ከበደኝ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ።

የኔ ጉርምስና ጊዜ አቃቂ ግማሹ ፋብሪካ፣ ግማሹ እርሻ ነበር። አባቴ ገበሬ ነው፤ ቤታችን በሰቃ የሚባል ሰፈር፣ ማሳችን ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ። የፋብሪካው ጡሩምባ ስድስት ሰዓት ላይ ሲጮህ ሠራተኛው ማሽኑን፣ አባቴ ደግሞ በሬዎቹን ያቆማል። ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ሲቆም ብርቱካን በዘንቢል ይወርዳል፤ የኛ ሰው ደግሞ እንቁላልና ቅቤ፣ ወቅቱ ሲሆንም እሸት ሽምብራ ይዞ በየመስኮቱ ሥር ይሯሯጣል። ቅዳሜ ገበያው ይደራል፣ ከሰዓት በኋላ በፋብሪካው ሜዳ ኳስ አለ። ከዚያ የበለጠ መዝናኛ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጥቁሩን አፈራችንን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማ ይነጥቃል፣ የጠገበ ጊዜ ደግሞ ውሃ ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ስለዚህ ገበሬው ከማሳው ውሃውን በቦይ ሰብስቦ፣ በወሰኑ ላይ አስኪዶ፣ እስከ ወንዙ ያደርሰዋል። ቦይን የሰው ማሳ አፋፍ ላይ ማቆም ትልቅ ነውር ነበር። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረኝም፤ እንደ ሰላምታ አብሮን ያደገ ነገር ነው።

ከኛ ማሳ ዝቅ ብሎ የአዴ ጫልቱ መሬት ነበር። "አዴ" እናታችን እንደማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ይጠራቸዋል። ባላቸው ሞተው ከአንዲት ልጃቸው ከብርቄ ጋር የቀሩ፣ ከዚያች መሬት ሌላ ምንም የሌላቸው ሴት ናቸው። በዚያ ዓመት ጎረቤት ተሰብስቦ በደቦ አረሰላቸው፤ መዝራቱ ለእናትና ልጅ ቀረ። አፈሩ ለምስር የደረሰው ልክ በመስከረም ሚካኤል ዕለት ነበር። በበዓል ቀን መሬት አይነካም። አዴ ጫልቱ ግን ዝናቡ አብቅቷል፣ ነገ አፈሩ ይደርቅብኛል ብለው ፈሩና ዘርተው በመቆፈሪያ አፈር አለበሱት። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው ሁሉ አያቸው። ፊት ለፊት ማንም አልተናገራቸውም፤ ሐሜቱ ግን ለሳምንት ያህል አልበረደም።

ከመስቀል በኋላ ሄደ ያልነው ዝናብ ተመለሰ። የሳቸው ምስር በቅሎ መሬቱን አረንጓዴ አልብሶታል፤ የኛ ስንዴ ደግሞ ውሃ ላይ ቆሞ ጫፉ ቢጫ መምሰል ጀመረ። ቅዳሜ ጠዋት አባቴ መቆፈሪያውን አቀበለኝ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር።

"ቦዩን በወሰኑ አስኪደህ ወንዙ ድረስ አድርሰው። መሃል ላይ እንዳትተወው፣ ታች የሰው ምስር አለ።"

"እሺ።"

"እሺ ብቻ?"

"እሺ አባባ፣ አደርሰዋለሁ።"

እውነትም ላደርሰው ነበር። ጭቃው መቆፈሪያውን እየያዘ አንድ ክንድ ለመሄድ ብዙ ያስለፋል። የፋብሪካው ጡሩምባ ሲጮህ የአዴ ጫልቱ ማሳ ጥግ ላይ ነበርኩ፤ ወንዙ ገና ሩቅ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ውሃውን ፀሐይ ይጨርሰዋል፣ የቀረውን ሰኞ እቆፍራለሁ አልኩና እግሬን ታጥቤ ወደ ሜዳው ሮጥኩ።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ዝናቡ ጣለ። ያ ጊዜ መመለስ ነበረብኝ። ከኳስ ሜዳው አጥር አጠገብ ካለ ጣሪያ ሥር ተጠልዬ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው አየሁ። ማን እንዳሸነፈ ዛሬ ትዝ አይለኝም።

በማግስቱ የኛ ስንዴ ውሃው ወርዶለት መሬቱ ታየ፣ የአዴ ጫልቱ ምስር ግን ውሃ ውስጥ ነበር። ምስር ሥሩ ውሃ አይችልም። በአራተኛው ቀን ማሳው መበስበስ ጀመረና ሽታው መንገድ ድረስ መጣ።

አባቴ ቦዩ የቆመበትን አየ። አልመታኝም፤ አልሰደበኝም። የቀረውን ብቻውን ቆፍሮ ወንዙ ድረስ አደረሰውና ጭቃውን ከእጁ እየጠረገ "ሂድና ራስህ ንገራቸው። እኔ ብነግራቸው ያንተ አይሆንም" አለኝ።

ሄድኩ። አዴ ጫልቱ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው በምስሩ ፋንታ የሚዘሩትን ጓያ ይለቅሙ ነበር። አፌን ሳልከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

"አየህ ልጄ፣ ሚካኤል እንዴት እንደቀጣኝ? እኔው ነኝ ያመጣሁት። በበዓሉ ቀን እጄን አነሳሁ፣ ልጄንም አስነካኋት።"

እንባቸው ያለ ድምፅ ይወርዳል። "አይዞዎት አዴ" አልኩና ስለ ቦዩ ሳልነግራቸው ተመለስኩ። ለመጻፍ ቢያሳፍረኝም በዚያች ሰዓት ውስጤ ቅልል ብሎኝ ነበር። ቤት ስደርስ አባቴ በር ላይ ይጠብቀኛል።

"ነገርካቸው?"

"ነገርኳቸው።"

"ምን አሉ?"

"ምንም አላሉ።"

አዝመራው ሲገባ አባቴ አንድ ጆንያ ስንዴ ላከላቸው። እሱ የበደል ካሳ መስሎታል፤ እሳቸው የደግነት ስጦታ አድርገው መረቁት። ከስንዴው ሌላ በዚያ ዓመት ቤታቸው የተበላው ጓያ ነው። ጓያ ሲበዛ እግር ይይዛል ይባላል። ስለዚህ ብርቄ እንስራ ተሸክማ ባለፈች ቁጥር አረማመዷን አያለሁ። ተመስገን፣ ምንም አልሆነችም፤ እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ የሰው ልጅ እግር ስቆጣጠር ከረምኩ።

አዴ ጫልቱ ለሚካኤል ተሳሉ። በየዓመቱ መስከረም አሥራ ሁለት ድፎ ዳቦ ደፍተው ጠላ ጠምቀው ጎረቤት ይጠራሉ። ለዚያች ቤት ቀላል ድግስ አልነበረም። እኔም እየተጠራሁ እሄዳለሁ፣ ዳቦውን ተቀብዬ እበላለሁ።

ብዙ ዓመት አለፈ። አባቴ ሞተ፤ ማሳዎቹም ኮንዶሚኒየም ሆኑ። አዴ ጫልቱ ዓይናቸው ደክሞ ሳሪስ ብርቄ ቤት ገቡ። አንድ ቀን ቆረጥኩና ሄጄ፣ ቦዩንም ኳሱንም ውሸቴንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። 

"አባትህ ያውቅ ነበር?"

"ነግሬያቸዋለሁ ብዬ ዋሽቼው ነበር፤ ያንን አምኖ ነው የሞተው።"

"ታዲያ የሚካኤልን ዳቦ ስትበላ ዝም ብለህ ነበር የምትበላው?"

"አዎ፣ አዴ።"

እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ፈለጉና ጉንጬን ነካ አደረጉት። "ይቅር ብዬሃለሁ። ምስር ነው፣ ይረሳል" አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን፣ ለኔም ሳይሆን ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ "ያን ሁሉ ዘመን ሚካኤልን ስፈራው ኖርኩ እኮ። ድሮ እወደው ነበር" አሉ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም፤ አረፉ። የገዛሁትን ምስር ልጄ ሠርታው በልተናል፤ እውነትም ቶሎ ይበስላል። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ስለ ወጣትነት ጥፋቱ ሲያወራ ብዙ ጊዜ እየሳቀ ነው፤ እኔም የምስቅባቸው አሉኝ። በዚህኛው ግን መሳቅ አልቻልኩም። አዴ ጫልቱ ይቅር ብለውኛል፣ ይቅርታቸውንም ተቀብያለሁ። ሚካኤልን ሳይፈሩት መኖር ይገባቸው የነበረውን ዘመን ግን የምመልስላቸው ከየት አምጥቼ ነው?