ቀብር ላይ የተሾመው አባቴ

የአባቴ አርባ በወጣ ማግስት እናቴን ይዤ በሚኒባስ ከቴፒ ሚዛን ተፈሪ ሄድኩ። ጉዳያችን አጭር መስሎኝ ነበር። አባቴ መሞቱን ለጡረታ ቢሮ እናሳውቃለን፣ የእሱ ጡረታ ይቆማል፣ ለእናቴ የተተኪ ጡረታ ይጀመርላታል። እናቴ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም።

የቢሮው ሠራተኛ ወጣት ናት። የአባቴን ማኅደር አወጣች፣ ከቀበሌ ያመጣሁትን የሞት ማስረጃ አጠገቡ አስቀመጠች፣ አንዴ ይህን አንዴ ያንን አነበበች።

«እማማ፣ ባለቤትዎ ሥራቸው ምን ነበር?»

እናቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት እኔን አየችኝ። እኔም ቀድሜ «ቴፒ ቡና እርሻ ውስጥ፣ አስተዳደር ላይ» አልኩ።

«ማኅደሩ ከተቀጠሩ ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ጥበቃ ነው የሚለው። የቀበሌው ደብዳቤ የአስተዳደር ኃላፊ ይላል።» ሁለቱን ወረቀቶች ወደ እኔ አዞረቻቸው። «ስሙ አንድ ነው፤ ሰውየው ግን ሁለት ሆነብኝ።»

«ስህተት ይሆናል።»

«የማን?»

የማን እንደሆነ አውቅ ነበር። እኛ ዘንድ ሬሳው ወደ ጉድጓድ ከመውረዱ በፊት የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል። በእነዚህ ታሪኮች ላይ በጽሑፍ ሳሾፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። በአገራችን ሰካራምና ቂመኛ ሞቶ አያውቅም፣ የሚሞተው፣ ሰው አክባሪና ለተራበ አጉራሽ ብቻ ነው ብዬ ጽፌአለሁ። የራሴ ተራ ሲደርስ አባቴን «የቡና እርሻው የአስተዳደር ኃላፊ» አድርጌ ሾምኩት። ሹመቱ ከአዲስ አበባ ድረስ ለቀብር ለመጡ ሁለት የተማሩ ወዳጆቼ ሲባል የተሰጠ ነበር። በርና የሚደርቅ ቡና የሚጠብቅ ሰው ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ ይወስናል፣ ታዲያ ይህ አስተዳደር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው እያልኩ ራሴን ተከራክሬ ረታሁት።

የቀበሌው ጸሐፊ ጽሑፉን ወዶት ቀብሩ ላይ ግልባጭ ለምኖኝ ነበር። የሞት ማስረጃውን ሲያዘጋጅ የአባቴን ሥራ ከዚያው ገለበጠ፣ ማኅተም መታበት። ደብዳቤውን ስቀበል አይቼዋለሁ። አላረምኩትም። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ከማኅተሙ በላይ ተጽፎ ሳየው ደስ ብሎኛል።

«ቀበሌው ያስተካክለው፣ ሦስት ምስክርም ይፈርም» አለች ሠራተኛዋ። «እስከዚያ የእማማን ጉዳይ መጀመር አልችልም።»

ወደ መናኸሪያ በሚወስደን ባጃጅ ውስጥ እናቴ ነገሩን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እሷ አፏን የፈታችው በሸኮ ቋንቋ ነው፤ አማርኛን ገበያ ነው ያስተማራት።

«ያን ቀን ያነበብከው አማርኛ ከብዶኝ ነበር» አለች። «ዘበኛ ስትል ልስማ ብዬ ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። ለተማረ ሰው ሌላ ስም ይኖረዋል ብዬ ተውኩት።»

መናኸሪያ ስንደርስ የቴፒውን ሚኒባስ ፈልጌ አሳፈርኳት።

በማግስቱ ቀበሌ ሦስቱን ምስክሮች አስከትዬ ገባሁ፤ የዕድሩ ዳኛ፣ ከእርሻው በር ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ከጅማ የመጡ ሐጂ፣ ከአባቴ ጋር ተራ እየተቀያየሩ ይጠብቁ የነበሩ ሽማግሌ። ጸሐፊው ተቀየመኝ።

«ያነበብከውን ነው የጻፍኩት ጌታዬ። አሁን ምን ልበል?»

«ጥበቃ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«እ?»

«ዘበኛ በል» አሉ ዳኛው። «ዘበኛ ነበር። የእሱ ካፖርት የታወቀ ነው።»

ካፖርቱን እኔም አውቀዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ ጓደኞቼ በዚያ ካፖርት እንዳያዩት በእርሻው ኋላ ዞሬ ነበር የማልፈው።

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። «ቀብሩ ላይ ኃላፊ ሲባል፣ እንግዲህ እኔም ምክትል ልሆን ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ሐጂም ሳቁ፣ ጸሐፊውም ሳቀ። የተቆጣኝ ቢኖር ይቀለኝ ነበር።

«ሁላችሁም ታውቁ ኖሮ ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኳቸው።

«ሬሳ ፊት ልጅ አይታረምም» አሉ ዳኛው፤ ብዕር ጠይቀው ፈረሙ።

በሳምንቱ ሚዛን ተመለስን። ሠራተኛዋ አዲሱን ደብዳቤ አነበበች፣ ቅጽ ሰጠችኝ። አንዱ መስመር የሟች የሥራ መደብ ይላል። ከዕድሜዬ እኩሌታውን ከቃላት ጋር ስታገል የኖርኩ ሰው፣ አንዲት ቃል ለመጻፍ ብዕሩን ሁለቴ አነሳሁ፣ ሁለቴ አስቀመጥኩ። ከዚያ ጻፍኳት።

እናቴ በፊርማ ፈንታ አሻራዋን ልታኖር አውራ ጣቷን በማኅተሙ ቀለም ነከረች። ጣቷን ወረቀቱ ላይ ከማሳረፏ በፊት ግን ቆም አለች።

«ዘበኛ የሚለው የትኛው ላይ ነው?»

በጣቴ አሳየኋት።

«አሁን እሱ ነው?»

«እሱ ነው» አልኩ።

አተመች።