የሽቦ መኪናዬ ጥቁር ጎማዎች

ባለፈው ጥቅምት ሐይቅ ከተማ ከሚኒባስ ወርጄ ወደ ውሃው ዳር ስሄድ ሰይድን መረብ ሲያሰናዳ አገኘሁት። ሰይድ የጎረቤታችን ልጅ፣ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ሳውዲ ብዙ ዓመት ሠርቶ ከተመለሰ ወዲህ እንደ አባቱ ዓሣ ያጠምዳል። የመረቡ ተንሳፋፊዎች ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል ክብ ክብ ተደርገው የተቆረጡ ናቸው። እነሱን በጣቱ እየነካ ከዳር እስከ ዳር ቆጠረ። ሲጨርስ ተመልሶ እንደገና ከአንድ ጀመረ።

ለምን ሁለት ጊዜ እንደሚቆጥር ጠየቅሁት።

“ልማድ ነው” አለኝ ቀና ሳይል። “ሳውዲም ካርቶን ስጭን ሁለቴ ነበር የምቆጥር። አሠሪዬ ይስቅብኝ ነበር።”

እኔ አልሳቅሁም። ልማዱ ከየት እንደጀመረው አውቅ ነበር።

በልጅነቴ ከምንም በላይ የምወዳት አንዲት የሽቦ መኪና ነበረችኝ። ሽቦውን ከየአጥሩ ለቃቅሜ፣ በድንጋይ እየቀጠቀጥሁ፣ በጥርሴ እያጠፍሁ ሁለት ሳምንት የሠራኋት የጭነት መኪና ነች። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፉት ትልልቅ መኪኖች ያላቸው ሁሉ ነበራት፤ ስፖንዳ፣ መብራት፣ ቆሜ የማዞርበት ረጅም መሪ። የጎደላት ጎማ ብቻ ነበር። እኛ ጎማ የምንሠራው ከቁልቋል ነው። ቁልቋል ጠዋት ሲቆረጥ ያምራል፤ ከሰዓት በኋላ ይጠወልጋል፤ በማግሥቱ ይሸታል። ቆርኪም ሞክሬ ነበር፤ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል።

የሰይድ አባት ጋሽ ይማም መረባቸውን የሚያሰጡት በሁለታችን ቤት መካከል ባለው አጥር ላይ ነበር። አንድ ቀን አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ጥንቅሽ ስመጥ ተንሳፋፊዎቹን ልብ አልኋቸው። ክብ ናቸው፤ ውፍረታቸው እኩል ነው፤ መሐላቸውም የተበሳ ነው። ከአንደኛው ጫፍ በተከታታይ አራቱን ፈታሁ። ብዙ ስለነበሩ አራት የሚያጎድል አልመሰለኝም። ከዚያ በድስት ጥላሸት አጠቆርኋቸው። እውነተኛ ጎማ እንዲመስሉ ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት፤ ግማሹ እውነት ነበር።

ተንሳፋፊ ማሰርና መቁጠር የሰይድ ሥራ ነበር። ያን ዓመት አባቱ ታንኳ ላይ ሊያወጡት ቃል ስለገቡለት ሥራውን እንደ ሹመት ነበር የያዘው፤ ያን ዕለትም እኔ ከመፍታቴ በፊት ቆጥሮ ጨርሶ ነበር። በዚያው ቀን ከመጨለሙ በፊት መረቡ ተጣለ። ሲነጋ ተንሳፋፊ የጎደለው ጫፍ ሰጥሞ፣ ውሃው ሥር ካለ ግንድ ጋር ተጠላልፎ ተገኘ። ጋሽ ይማም ጎትተው ማውጣት የቻሉት ግማሹን ነው። ቤተሰቡ ሌላ መረብ አልነበረውም።

ጋሽ ይማም ደጃፋቸው ላይ ሰይድን ሲጠይቁት ሰምቻለሁ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

“ቆጥረሃል?”

“ቆጥሬያለሁ፣ አባ። ወላሂ ቆጥሬያለሁ።”

“ወላሂ አትበል። ውሃ መሐላ አይሰማም።”

እኔ መኪናዬን ይዤ ከአጥሩ ወዲህ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። የፈራሁት ግርፋቱን አልነበረም፤ መኪናዋን ይወስዱብኛል ብዬ ነው።

ጋሽ ይማም፣ ያሰረውን የማይቆጥር ልጅ ውሃ ላይ አላወጣም አሉ። በሳምንቱ ሰይድን ደሴ ሱቅ ወዳለው አጎቱ ላኩት። የሄደ ዕለት፣ አውቶቡሱ እስኪመጣ መኪናዬን አንዴ ልንዳት አለኝ። ሰጠሁት። በአስፋልቱ ዳር እስከ መታጠፊያው ነድቷት ተመለሰና ጎማዋን በጣቱ ዳሰሰ።

“ጎማዋ ይገርማል። ከየት አገኘኸው?”

“ከደሴ የመጣ ነው።”

“እንግዲያ እኔም እዚያ እፈልጋለሁ” አለኝና ተሳፈረ። መሪዋን ሲያቀብለኝ ጣቱ ላይ ጥላሸት ነበር።

ከዚያ በኋላ መንዳት አቆምሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አላቆምሁም። ጎማዎቹ ተልጠው እስኪያልቁ ነዳኋት፤ እወዳትም ነበር።

አድጌ ጋዜጠኛ ሆንሁ። ስም ተሳስቼ፣ ቁጥር ተሳስቼ በማግሥቱ እርማት አውጥቻለሁ። እርማት ስሕተቱ በወጣበት ገጽ፣ ሳይውል ሳያድር መውጣት አለበት እያልሁ ለጀማሪዎች አስተምራለሁ። ይህችን አንዲት እርማት ግን አርባ ዓመት ያህል ይዣት ዞርሁ።

ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት ሰይድ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነገርሁት። ስንት እንደፈታሁ፣ ከየትኛው ጫፍ እንደፈታሁ፣ በምን እንዳጠቆርኋቸው። እሱም ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በኩል የምታልፍ አንዲት ታንኳ እስክትርቅ ድረስ በዓይኑ ተከተላት።

“ጥቁሩ ጎማ?” አለኝ በመጨረሻ።

“አዎ፣ ጥቁሩ ጎማ።”

“ደሴ ስንት ሱቅ ገብቼ እንደጠየቅሁ ብታውቅ።”

“አውፍ በለኝ፣ ሰይድ።”

“እኔስ አውፍ ብያለሁ” አለ። “አባ ግን ይኸን ሳይሰማ ሞተ።”

የልጅነት መጫወቻቸውን ሲያስታውሱ ፊታቸው የሚፈካ ሰዎች አውቃለሁ፤ እኔም የዚያችን መኪና እያንዳንዷን እጥፋት ዓይኔን ጨፍኜ መሣል እችላለሁ። ግን መኪናዋን ባሰብሁ ቁጥር አብሮ የሚመጣው የጋሽ ይማም ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። እርማቴ እውነት ነበረች። የዘገየችው ግን ሊሰሟት የሚገባቸው ሰው እስኪያልፉ ድረስ ነው።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሰይድ ተነሣ። መረቡን ታንኳው ላይ ከመጫኑ በፊት ተንሳፋፊዎቹን ከዳር እስከ ዳር ቆጠረ። እኔም በልቤ አብሬው ቆጠርሁ፤ አንድም አልጎደለም። ሲጨርስ ተመልሶ እንደገና ከአንድ ጀመረ።