በታደሰ ደብተር ላይ ባዶ የቀረው መንገድ

ካርቱም፣ ካላክላ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል

የጎረቤቴ የዑስማን ትንሽ ሚኒባስ ደጄ ላይ ቆማለች። ለቤንዚን ተሰልፎ አድሮ ነው የመጣው። «ያላ፣ ሐጃ!» ይለኛል፤ ነይ እንሂድ ማለቱ ነው። ክርስቲያን መሆኔን እያወቀ ሐጃ ነው የሚለኝ።

የያዝኩት የባለቤቴን የታደሰን ደብተር ነው። ታደሰ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ብስክሌት ይጠግን ነበር። ከካርቱም ጎንደር ድረስ በብስክሌት መግባት ይመኝ ስለነበር መንገዱን በእርሳስ ነድፎታል፤ ጭነት መኪና የሚበዛበትን ትቶ ከሶባ ድልድይ ማዶ ዓባይን ይዞ ሽቅብ። ሱዳኖች ለአላፊ አግዳሚ በየመንገዱ ዳር የውኃ ጋን ያስቀምጣሉ፤ ዚር ይሉታል። ታደሰ ከአውቶቡስ መስኮት ዚር ባየበት ሁሉ ክብ አድርጓል። አይለፉን ከምትባለው ከተማ ወዲያ ግን አንድ ጣት የምታህል መስመር ክብ የላትም። ውኃ ጠፍቶ ይሁን እንቅልፍ ወስዶት፣ አላውቅም።

ታናሽ ወንድሙ ሙሉጌታ በጥር የታደሰን ብስክሌት በዚሁ መንገድ ጎንደር ድረስ ሊነዳ ተነሥቷል። «እትዬ፣ እዚያ ውኃ ከሌለ ግን ብስክሌቱን በመኪና ጭነን እንላከው» ብሎኛል። ታደሰ እዚሁ ተቀብሮ ቀርቷል። ብስክሌቱ እንኳ እየተነዳ ይግባ ብዬ ውኃ መኖሩን ላይ መሄዴ ነው።

ሶባ፣ አንድ ሰዓት

ታደሰ ያረፈበትን ሆስፒታል መታጠፊያ ስናልፍ ፊቴን አዞርኩ። ዑስማን ሬዲዮውን ቀነሰው። ድልድዩ አጠገብ ፉል በሰሊጥ ዘይት በላን። ክረምት የደፈረሰው ዓባይ አሁን ጠርቷል።

ከአይለፉን ወዲያ፣ ሦስት ሰዓት

በመጨረሻው ክብ ቦታ ኒም ዛፍ ሥር ሦስት ዚሮች አሉ፤ የቆርቆሮ ኩባያው በሰንሰለት ታስሯል። ከዚያ በኋላ ግራር፣ ፍየል፣ የተጣለ ጎማ እንጂ ዚር የለም።

«አልተኛም ነበር» አልኩ።

«ማን?»

«ባለቤቴ።»

ረጅም መንገድ ከሄድን በኋላ አንዲት የጭቃ ቤት አገኘን። ሐዋ የሚሏት አሮጊት ከአህያዋ ላይ ውኃ ታራግፋለች። እዚህ ዚር ለምን እንደሌለ ጠየቅኋት።

«የሚያስቀምጥ አልመጣማ።»

«ሐጃ፣ አንቺ ለምን አታስቀምጪም?» አለኝ ዑስማን። «እኛ ለሞተብን ሰው እንዲህ ነው የምናደርገው።»

«እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ።»

ሐዋ ሳቀች። «የጠማው ሰው መቼ ይጠይቅሻል? ጋኑን አምጪ፤ እኔና አህያዬ እንሞላዋለን። እሷ እንደሆነች ሃይማኖቷን ነግራኝ አታውቅም።»

አይለፉን ተመልሰን ከገበያ ዚር ገዛን። መንገዱ ሲያንገጫግጨን እንዳይሰበር ታቅፌው መጣሁ። ሐዋ ግራሩ ሥር አስቀመጠችውና ባልዲዋን አንስታ «ስሙ ማን ነው?» አለችኝ።

«ታደሰ።»

ስሙን ጮክ ብዬ ከጠራሁት ቆይቻለሁ።

«አላህ ይማረው» ብላ ውኃውን ገለበጠችበት። አዲሱ ሸክላ ገና ውኃውን እየመጠጠ ነበር፤ ሁለተኛ ባልዲ ጨመረችለት።

ካላክላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ገባሁ። እርሳስ ፈልጌ ባዶው መስመር ላይ ክብ አደረግሁ፤ ከእሱ ክቦች ትንሽ ተለቅ ብላለች። ከዚያ ለሙሉጌታ ደወልኩ።

«እህ፣ እትዬ፣ ውኃ አለ?»

«አለ።»

«የማን ዚር ነው?»

«የወንድምህ።»

«እንግዲያው ነገ ጎማውን እነፋለሁ» አለኝ።