የተስተካከለው ወንበር

ዛሬ ጠዋት አንድ ሹፌር በላስቲክ የተጠቀለለ የወንበር ልብስ ይዞ ስፌት ቤቴ መጣ። ከፒካፑ ወንበር ጋር አልገጥም ብሎት ኖሮ «እህቴ፣ እስቲ እዚህ እዚህ ጋ አጥብቢልኝ» አለኝ። ላስቲኩን ስቀደው ያ ሽታ ወጣ። አዲስ ሌዘር፣ ሙጫ፣ ትንሽም የጎማ ነገር አለበት፤ በአሳይታ ሙቀት ደግሞ ጉሮሮ ድረስ ይገባል። እሺ ብዬ ተቀበልኩት እንጂ እስካሁን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳሁትም። አንቺም ገብተሽ ፊቴን ስታዪ ምን ሆነሻል አልሽኝ። ደክሞኛል፤ መብራት ጠፍቷል፤ ማራገቢያውም ቆሟል። ሌላም ነገር አለ፤ ቁጭ በይ ልንገርሽ።

እኔ የተወለድኩት አዋሽ ነው። አባቴም እዚያው፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ከወሎ ከመጡ የባቡር ሠራተኞች ነው የተወለደው። እሱም ባቡር ላይ ሠርቶ፣ ባቡሩ ሲቆም ያገለገለች ፒካፕ ገዛ። እናቴ ሰመራ ላይ ሱቅ ከፈተች፤ እኔንና ወንድሜን ይዛ እዚያው ገባች፤ እሱ ከአዋሽ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ፣ ገዋኔን ሚሌን አቋርጦ፣ ለሷም ለጎረቤቶቿም ያመጣ ነበር። አንድ ቀን ጭነት ሲያስር ከላይ ወደቀና ግራ ዳሌው ተጎዳ። ወጌሻ አሸው፣ ሐኪምም አየው፤ ዳነ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ግን ወደ ግራ ዘመም ብሎ ነው የሚራመደው፤ ሲቀመጥም እንደዚያው ነው።

ከዓመታት በኋላ የፒካፗ ወንበርም አብሮት ዘመመ። በግራ በኩል ስፖንጁ ሰምጦ፣ የሰው ዳሌ የሚያህል ጉድጓድ ሆነ። ጓደኞቹ ሹፌሮች «ያንተን መኪና የሚሰርቅ ሌባ ሚሌ ሳይደርስ ወገቡ ይቆረጣል» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እኔም በዚያ ቀልድ ስስቅ ነው ያደግኩት። ለእኔ ያ ጉድጓድ የተበላሸ ነገር ነበር። አባቴን ደግፎ የያዘው እሱ መሆኑ አንድም ቀን አልታሰበኝም።

ለባሌ ስታጭ እሱ እዚህ አሳይታ መምህር ነበር፤ ቤተሰቦቹም ከወሎ የመጡ ናቸው። ወጉን ታውቂያለሽ፤ ሙሽራይቱን የሚወስዳት የሙሽራው ወገን ነው፣ በራሱ መኪና፣ በራሱ ጭፈራ። አባቴ ግን ሽማግሌዎቹ ፊት አንድ ነገር ለመነ። «ኒካሑን አስራለሁ፣ ልጄንም ሰጥቻችኋለሁ። አሳይታ ድረስ ግን እኔ ላድርሳት። ይቺን አንድ ሰዓት ለኔ ተዉልኝ» አላቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቀው አያውቁም። በመጨረሻ እሺ አሉ፤ የሙሽራው ወገን አሳይታ ቆሞ እንዲቀበለን ተስማሙ።

ታላቅ ወንድሜ ነበር ደስ ያላለው። ዳሌው እየከፋ መሆኑን ያውቃል፤ ቁልፉን አስረክበህ እረፍ ማለት ከጀመረም ቆይቷል። «መንገድ ላይ እግርህ እምቢ ቢልህስ? መኪና ልከራይላት» አለው። አባቴ የሰማውም አይመስልም። «እሷን ካደረስኩ በኋላ ቁልፉንም ውሰድ፣ መኪናዋንም ውሰድ» አለው። ከዚያች ቀን በኋላ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ስለ ልብሴም ስለ ድግሱም ሳይሆን፣ አባቴ ነድቶ ያደርሰኛል ወይስ አያደርሰኝም ነበር።

ወንድሜ ሲሸነፍ ቢያንስ ጋቢናው ይጽዳ ብሎ የወንበር ልብስ ገዝቶ መጣ። እውነቱን ነው፤ የድሮው ወንበር ተቀዶ ሽቦው ብቅ ብሎ ነበር፣ የሙሽራ ቬል ለመቅደድ የተዘጋጀ ነው የሚመስለው። ከጅቡቲ የገባ ጥቁር ሌዘር፣ ጠርዙ ቀይ ክር። ላስቲኩ ላይ ለሁሉም መኪና ይሆናል የሚል ተጽፎበታል፤ የጻፈው ሰው የእኛን ፒካፕ አላያትም። ልብስ ሰፊዋ እኔ ስለነበርኩ ሥራው ለእኔ መጣ። ሙሽራ እጇን አታቆሽሽም አሉኝ፤ እኔ ደግሞ ሌላ ሰው ቢነካው ቅር ይለኝ ነበር። የአባቴን መኪና በእጄ ላለብሳት ፈለግኩ።

ሰርጉ ሰባት ቀን ሲቀረው ጎህ ሲቀድ ጀመርኩ፤ ሰመራ ላይ ከረፈደ ጋቢና ውስጥ እጅ አይገባም። የራስ መደገፊያዎቹን ነቀልኩ። ልብሱን ከላይ አጥልቄ፣ ማሰሪያዎቹን በመደገፊያውና በመቀመጫው መካከል ገፍቼ፣ መሬት ላይ ተኝቼ ከሥር ከሽቦው ጋር በመንጠቆ አያያዝኩ። ጣቶቼ ተላላጡ። የተሳፋሪው ወንበር ልክክ አለ። የሹፌሩ ግን በግራ በኩል ተሸበሸበ፤ ሰው ከስቶ የድሮ ልብሱን ሲለብስ እንደሚሆነው። ሳብኩት፣ አጠበብኩት፣ እንደገና አወለቅኩት። አልሆነም።

ልብስ ሰፊ የተሸበሸበ ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ለእኔ ፍራሽ እንዲሆን እናቴ ከዱብቲ ያስመጣችው አንድ ጆንያ ጥጥ ቤት ውስጥ ነበር። ዘግኜ አመጣሁና ጉድጓዱን ሞላሁት። እየደራረብኩ፣ በቡጢ እየጠቀጠቅኩ ከቀኙ ጋር እኩል አደረግኩት፤ በላዩ አቡጀዲ ሰፋሁበትና ልብሱን መለስኩ። አንድም መስመር አልታየበትም። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ሥራ የለም፤ የራሴን የሰርግ ልብስ ጨምሬ ነው የምልሽ።

አባቴ ከሶላት ሲመለስ አየው። «ማሻአላህ» አለ፣ እጁን አሳለፈበት፣ ሽታውን ሳበ። ከዚያ ገብቶ ተቀመጠ። ለአፍታ ያህል ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። እናቴ ከሱቁ በር ላይ ሆና «ተመቸህ?» አለችው።

«የሚኒስትር ወንበር አደረገችው እኮ» አላት። ወደ እኔም ዞሮ «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አለኝ። እናቴ አልሳቀችም። እኔ ግን ሳቅኩ።

በማግስቱ የድግሱን ዕቃ ሊያመጣ አዋሽ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከጋቢናው ለመውረድ በሩን ይዞ ብዙ ቆየ። «ሙቀቱ ነው» አለን። እራትም አልበላ። ጠዋት ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ ግራ እግሩን ሲያወዛውዝ አየሁት። ጠየቅኩት፤ «እርጅና ነው፣ ላንቺ ሰርግ ሲል መጣ» ብሎ ቀለደብኝ። ለምን ልቤ እንዳላወቀ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሂና፣ እንግዳ፣ ጫጫታ ነበር፤ ሙሽራ ነበርኩ። ይህን ሁሉ ምክንያት ብዬ ለራሴ ስደረድረው ይኸው ስንት ዓመት አለፈ።

የሰርጉ ቀን ከሰዓት፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከሰመራ ተነሳን። ወንድሜና አጃቢዎቹ በሚኒባስ ቀድመው ሄዱ። ጋቢናው ውስጥ እሱና እኔ ብቻ ነበርን። ስለ ትንሽነቴ አወራኝ፤ አዋሽ ላይ ባቡር በመጣ ቁጥር እጄን ይዞ እንደሚያሳየኝ፣ እኔ ደግሞ ጡሩምባውን ፈርቼ ከሱሪው ኋላ እንደምደበቅ። ከዚያ ወሬው እየተቆራረጠ ሄደ። ላብ ከአገጩ ላይ ይንጠባጠባል። ፍሪሲዮን በረገጠ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል፤ በኋላ ማርሽ መቀየሩንም ተወ፣ መኪናዋ እያጓራች በአንድ ማርሽ ሄደች። ዱብቲን አልፈን መንገዱን ስናጋምስ ዳር ይዞ ቆመ።

ወረደ። ኮቱን አውልቆ አጠፈና ወንበሩ ላይ በቀኝ በኩል አስቀመጠው፤ ተቀመጠበት፣ ወደ ግራ አዘነበለው፣ ትንሽ ተነፈሰ። ኮቱ ሲንሸራተት እንደገና አጠፈው። ያኔ ነው የገባኝ። ኮቱ ሁሉንም ነገረኝ።

«አባ፣ ወንበሩ ነው?» አልኩት።

«ወንበሩማ ተስተካክሏል» አለ። «እኔ ነኝ አልስተካከል ያልኩት።»

«ሰባት ቀን ሙሉ? ለምን አልነገርከኝም?»

«ጣትሽ ተላልጦ አየሁ እኮ። ምን ልበልሽ?»

ወርጄ ዞሬ ሄድኩ። ቬሌን ወደ ኋላ ጣልኩ፣ መንጠቆዎቹን አላቀቅኩ፣ ልብሱን ገልብጬ አቡጀዲውን በጥርሴ ቀደድኩት። ጥጡን በሁለት እጄ እየዘገንኩ አወጣሁ። «ተዪው፣ ልብስሽ ይቆሽሻል! ወላሂ ተዪው፣ እደርሳለሁ» ይለኛል፤ እኔ እንባዬ ሸፍኖኝ አላይም። ንፋሱ ጥጡን እየነጠቀኝ መንገዱን አቋርጦ በግራሩ ላይ ያንጠለጥለዋል። ሁለት የአፋር ልጃገረዶች ፍየሎቻቸውን አቁመው አዩን። በሂና እጇ መኪና የምትዘርፍ ሙሽራ ከዚያ በፊት አይተው አያውቁም መሰለኝ፣ ሳቁብኝ። ጉድጓዱ ባዶ ሲሆን ልብሱን እንደነገሩ መለስኩት፤ ተሸብሽቦ ቀረ።

አባቴ ገብቶ ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፈነ፤ «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ቦታው ተመለሰለት። ዳሌው ግን አልተመለሰም፤ ሰባት ቀን በማይሆነው ወንበር የተቀጣ አጥንት በአንድ አፍታ አይታረቅም። ወንድሜ ይመለስና ይንዳ ብዬ ለመንኩት። «አንድ ሰዓት ነው የለመንኩት፤ ግማሹ ይቀረኛል» አለኝና አስነሳት። እኔ እስክንደርስ እጄን ጉልበቱ ላይ አድርጌ ነበር።

አሳይታ ስንገባ ከበሮው ከሩቅ ይሰማል። የባሌ ቤተሰቦች በሙሉ ከበር ወጥተው፣ እልልታው፣ ጭብጨባው፣ አቧራው። አባት ወርዶ፣ የልጁን እጅ ይዞ፣ ለሙሽራው አባት ያስረክባል፤ ሁሉም የሚጠብቀው እሱን ነው። አባቴ ሞተሩን አጠፋ። እጁ የበሩ መክፈቻ ላይ አረፈ፣ አልከፈተውም። አፉን ሳያንቀሳቅስ፣ ፈገግታውንም ከፊቱ ሳያጠፋ «እግሬ የለም» አለኝ። «ከወገቤ በታች አላውቀውም። እንዳትነግሪያቸው። በዛሬ ቀን ተሸክመው አያውርዱኝ። ውረጂ፣ እናቴ።»

ብቻዬን ወረድኩ። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ወደ ሹፌሩ በር ቀረቡ። አባቴ እጁን በመስኮት አወጣና ጨበጣቸው፤ «አደራ» አላቸው። ጭፈራው ትንሽ ረገብ አለ፤ ሰው ተያየ። ከዚያ ሴቶቹ ከበቡኝና ወደ ውስጥ ወሰዱኝ። ደጁ ላይ ዞር ስል አየሁት፤ ሁለት እጁ መሪው ላይ፣ ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት ያያል። ሁላችንም ገብተን ደጁ ባዶ ሲሆን ወንድሜ እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ ተሳፋሪው ወንበር አዛወረው፤ ይህን የነገረኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አባቴ ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጠም። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ አኼራ ሄደ።

አማቴ ዛሬም ስለዚያ ቀን ያነሳሉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «የዚች አባት ኩሩ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸውን ሲሰጡን እንኳ ከመኪና አልወረዱም» ይላሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተነስቼ ልጮህ ይቃጣኝ ነበር። አሁን ግን «አዎ፣ ኩሩ ነበር» እላለሁ፤ ሻያቸውን እጨምርላቸውና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።