እጄ ያልለቀቀው ሸራ

ዛሬ ጠዋት፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ ጎረቤቴ ያሰጣችው አንሶላ በነፋስ ተወጥሮ ጧ ሲል፣ ሁለቱም እጆቼ ሳላዛቸው ተጨበጡ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው በአንሶላ ሲደነግጥ ያየ ምን ይለኛል? ግን ይህ ድምፅ አቃቂን ያመጣብኛል። አቃቂ ከመጣ ደግሞ አሰልጣኙ አይቀሩም።

ያኔ የምሠራበት የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሊሸጥ ነው እየተባለ በየቀኑ የምንታመስበት ዘመን ነበር። እኔ ፈትል ክፍል ውስጥ የተበጠሰ ክር ስቀጥል እውላለሁ። አሰልጣኙ የአቃቂ ተወላጅ ናቸው። ላንጋኖ አንድ ሆቴል ውስጥ ለፈረንጅ ዊንድ ሰርፊንግ፣ ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ ላይ ቆሞ በነፋስ ኃይል ውሃ ላይ መንሸራተትን፣ ሲያስተምሩ አርጅተው፣ ዓይናቸው መጋረድ ሲጀምር አንድ ሰሌዳና አንድ ሸራ ይዘው ወደ ሰፈራቸው ተመለሱ። እሑድ እሑድ ከከተማው በታች ባለው ግድብ ላይ ያስተምሩኝ ነበር። ሰፈርተኛው «ባሕር የሌላቸው መርከበኞች» እያለ ይስቅብናል።

መቆሙንና ቀጥ ብሎ መሄዱን በአንድ በጋ ለመድሁ። የቀረኝ ትልቁ ነገር፣ በፍጥነት እየሄዱ ነፋሱን ከጀርባ ተቀብሎ መዞር ነበር። ለዚያ የኋላው እጅ ሸራውን መልቀቅ አለበት። ሸራው ራሱ ተገልብጦ በሌላው ጎን ሲመጣ ነው የሚያዘው። እኔ ግን ስድስት ቀን ሙሉ የሚያመልጥ ክር ሳሳድድ የምውል ሰው ነኝ። ሸራው ሊሄድ ሲል የባሰ እጨብጠዋለሁ፤ እሱም አንስቶ ውሃ ውስጥ ይከተኛል። አሰልጣኙ እጅህን ፋብሪካው ውስጥ ትተኸው ና እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

አንድ እሑድ ድርብ ፈረቃ ሠርቼ፣ ዓይኔ በእንቅልፍ እየተከደነ ሄድኩ። ውሃው ጭቃ ጭቃ ይሸታል። አሰልጣኙ ዳር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ከሰው የሚያዩት ጥላውን ብቻ ሆኗል።

«ሐኪሙ ብዙ ጊዜ አልሰጠኝም» አሉኝ። «አንድ የአቃቂ ልጅ ሲዞር ሳላይ እንዳይጨልምብኝ።»

ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቴም ወደቅሁ። ነፋሱ ወደ ማዶ ስለሚነፍስ መውደቄ አይሰማቸውም። በመጨረሻ ትከሻዬ ዝሎ፣ እንደ ጀማሪ ቆሜ ሸራውን በእጄ ጎትቼ አዞርኩና እያዘገምኩ ተመለስኩ። ብድግ ብለው፣ ፊታቸውን ከእኔ ትንሽ ወደ ቀኝ አድርገው ጠበቁኝ።

«ዞርክ?»

ደክሞኝ ነበር። እውነቱን ብናገር ደግመህ ግባ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

«አዎ ጋሼ፣ ዞርኩ።»

በሳምንቱ ሳሪስ ያለችው እህታቸው መጥታ ወሰደቻቸው፤ ሌላ እሑድ አልነበረንም። ያን ጊዜ ይህን ባውቅ፣ ትከሻዬ ቢገነጠል እንኳ ተመልሼ እገባ ነበር። አሁንም ድረስ ያንገበግበኛል።

ያን እሑድ ግን፣ ዞርኩ እንዳልኳቸው፣ ፎጣቸውን ከአንገታቸው አውርደው ራሴን ሊያደርቁልኝ ቀረቡ። ፀጉሬ ውሃ ያንጠባጥባል። በደንብ የዞረ ሰው ከጉልበቱ በላይ አይረጥብም፤ ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። እጃቸው ጭንቅላቴ ላይ ትንሽ ቆመ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ጆሮዬን ጭምር አደረቁልኝ። ሲጨርሱ ፎጣውን ጨምቀው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ወደ ግድቡ ዘበኛ ተጣሩ።

«ልጄ ዞረልኝ እኮ» አሉት። «በዓይኔ አየሁት።»