አስራ ሁለት ሴቶች በቁርጥራጭ ፎልደር ውስጥ

ሀይደር አቡ ዳቢ፣ መዲናት ዛይድ ገበያ ውስጥ ላፕቶፕ የሚጠግን የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ሞቶ ተገንዟል የተባለ ኮምፒውተር ቢያመጡለት ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ይጭንበትና ከሰዓት በኋላ እየሮጠ ይመልስላችኋል። ይህን ሁሉ ከኢንተርኔት ለቅሞ ነው የተማረው። ያልተማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዕቃ የት እንደሚቀመጥ። አል ዛሂያ ሰፈር ከአምስት ሰዎች ጋር በሚጋራው ክፍል ካልሲው ከሻይ ማንቆርቆሪያው፣ ቻርጀሩ ከፍሪጁ፣ ሽቶው ከሩዙ ጆንያ ይገኛል። አምና የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው ጠፍቶ ስድስት ሰው ሦስት ቀን ሲያስስ ሰንብቶ፣ በመጨረሻ የተገኘው የገዛ ኪሱ ውስጥ ነው። ሀይደር በጣም ተገረመ።

"እዚህ ማን አስቀመጠው?" አለ።

ሪድዋና ደግሞ እዚያው ሰፈር ልብስ ትሰፋለች። አል አይን ማዳም ቤት ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ ማንኪያ ከሹካ ጋር ተቀላቅሎ ካየች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ነበረች ይባላል። ዛሬም መርፌዎቿ በቁመት ተሰልፈው ነው የሚያድሩት። ሀይደር እንደ ታላቅ እህቱ ያያታል፤ ስለዚህ የደንበኞቿን ልኬት የምትጽፍበት ደብተር ሲያልቅባት አሮጌ ላፕቶፕ ሰጣት፣ ልኬት መያዣ ፕሮግራምም ራሱ ጻፈላት። ፕሮግራሙም በአባቱ በሀይደር ወጣ። በሳምንቱ ሪድዋና ላፕቶፑን ታቅፋ ሱቁ ድረስ መጣች።

"ሀይደርዬ፣ ይሄ ሆም የሚለው ፎልደር ቤት ማለት አይደል?"

"ነው እቴ። ያንቺ ቤት ነው።"

"ታዲያ ቤቴን ስከፍት አርባ ዕቃህ መሀል ሳሎን ተዘርግፎ ጠበቀኝ። እንግዳ ሰው ቤት ገብቶ እንዲህ ያደርጋል?"

ሀይደር አፈረ። ሊኑክስ ላይ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፎልደር ለዓይን አይታይም። እሱም ከነዚህ ድብቅ ፎልደሮች መጀመሪያ ያገኘው ውስጥ ዕቃውን ሁሉ ከነልኬቱ ጠቅልሎ ወረወረውና "አብሽሪ፣ አሁን አይታይሽም" አላት። የወረወረበት ፎልደር ነጥብ ካሽ ይባላል፤ ኮምፒውተር ለጊዜው ብቻ የሚይዘው፣ ቢጣል የማይጎዳ ነገር የሚከማችበት ነው። የሱቁ ባለቤት ይህን ቢያይ ኖሮ ያን ቀን ከሥራ ያባርረው ነበር፤ ግን እሱም አላየም፤ ድብቅ ነው አልን እኮ።

በዚህ መሀል ሪድዋና የሕይወቷን ትልቁን ሥራ አገኘች። አል አይን የምትኖር ነጅማ የምትባል ልጅ ልታገባ ነው፤ የሙሽራዋንና የአስራ አንድ ሚዜዎቿን ቀሚስ ሪድዋና እንድትሰፋ ተሰጣት። ሙሉ ሰርግ ስትይዝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ካማረ የአል አይን ሴት ሁሉ የሷ ደንበኛ ነው፤ ካላማረ ደግሞ እስከ ደሴ ድረስ ይወራል። ሴቶቹ ሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው፤ የዕረፍት ቀናቸው አይገጥምም። ስለዚህ አንድ በአንድ አቡ ዳቢ እየመጡ ተለክተው እስኪያልቁ ሦስት ወር ፈጀ። አስራ ሁለቱም ላፕቶፑ ውስጥ ገቡ።

ለሰርጉ ስምንት ቀን ሲቀረው ላፕቶፑ "ሞልቻለሁ" አለ። ሪድዋና ጽዳት ይጠራታል። ማጽጃውን ከፈተች፤ "ካሽ ይጥፋ?" ብሎ ጠየቃት። ቆሻሻ መሆኑ ያስታውቃል፤ ይጥፋ አለች። ከዚያ ጨርቁን ዘርግታ፣ መቀሷን አንስታ፣ ልኬቱን ልታይ ፕሮግራሙን ብትከፍት ባዶ። አንዲትም ሴት የለችም።

ሀይደር ተጠርቶ ሲደርስ መቀሱ አሁንም እጇ ላይ ነበር። እሱም ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ።

"አብሽሪ እቴ፣ በየጁምዓው ፍላሽ ላይ ትገለብጪ የለ?"

"አንድም ሳምንት አላለፈኝም!"

ፍላሹን ሰካ። ፎቶዋ አለ፣ የእናቷ ደብዳቤ አለ፣ ልኬት የለም። ሀይደር የመገልበጫውን ዝርዝር ከፍቶ አየ። የሚገለብጠው ፕሮግራም ካሽን ዘሎ ነው የሚያልፈው፤ ቆሻሻ አንጠልጥሎ የሚጓዝ የለምና።

"እስኪ አስረዳኝ" አለች ሪድዋና፣ በጣም በቀስታ። ያ ነው ያስፈራው። "ና ተመልከት። ይሄ መኪናዬ ነው፤ የክሩ ጥብቀት፣ የስፌቱ ርዝመት፣ እንደምወደው አስተካክዬዋለሁ። እዚያ መደርደሪያ ላይ ያለቀው ደብተሬ አለ፤ የድሮ ደንበኞቼ ልኬት ነው፣ ቤት ቢቃጠል መጀመሪያ ይዤ የምወጣው እሱን ነው። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ከረጢት ቁርጥራጭ ነው፤ ጠቅሞኝም አልጠቀመኝም ማታ ይጣላል። አንተ አዲሱን ደብተሬን የት አደረግከው?"

"...ከረጢቱ ውስጥ።"

"ያ ረቢ!"

ሀይደር ስልኩን አውጥቶ ሲያነብ፣ የሊኑክስ ሰዎች ይህንኑ ነገር ተስማምተው ከጨረሱ ዓመታት አልፈዋል። የባለቤቱ ምርጫ፣ ፊደሉ ትልቅ ይሁን፣ ልኬቱ በሴንቲሜትር ይሁን የሚለው፣ ነጥብ ኮንፊግ ይገባል። ሰውየው የለፋበት ዋናው ንብረት ነጥብ ሎካል ውስጥ ሼር የሚባለው ጋ ይቀመጣል። ቢጠፋ ተመልሶ የሚሠራው፣ እንደ ቀሚሶቹ ትንንሽ ምስል ያለው፣ ካሽ ውስጥ ይጣላል። ደግሞም ፕሮግራሙ ዝም ብሎ አይገባም፤ ባለቤቱ ሌላ ቦታ መርጦ እንደሆነ አስቀድሞ ያያል፤ ካልመረጠ ነው ወደ ተለመደው የሚሄደው።

"ዓለም ሁሉ ያውቀዋል" አለ ሀይደር አንገቱን ደፍቶ።

"ማዳሜም ታውቀው ነበር" አለች ሪድዋና። "አሁን ልኬቴን አምጣ።"

መጀመሪያ ስልክ ሞከሩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የአል አይን ሚዜዎች በሙሉ ከሱ። ሱመያ የምትባለው፣ በር ስትገባ በሩ የሚጨነቅላት፣ ወገቧ ስድሳ ነው አለች።

ሪድዋና ስልኩን ዘጋች። "ይቺ የነገረችኝ ወገቧን አይደለም፣ ምኞቷን ነው። ተነስ፣ አል አይን እንሄዳለን።"

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ሀይደር ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ፕሮግራሙን ከሥር ጀምሮ አስተካከለ። በረሃው በመስኮት ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየም። ሪድዋና አጠገቡ ሆና አንድ ጥያቄ ብቻ ደጋግማ ትጠይቃለች፤ "ይሄስ የት ነው የሚገባው?" አንዴ ሲሳሳት ክንዱን ቆነጠጠችው። አል አይን ሲደርሱ ክንዱ ቀልቶ ነበር፣ ፕሮግራሙ ግን ልክ ገብቷል።

የመጀመሪያው ቤት ሱመያ የምትሠራበት ነው። ማዳሟ ሪድዋናን አስገባች፤ ወንድ አይገባም። ሀይደር ከአጥሩ ውጭ ጥላ ፈልጎ ተቀመጠና ላፕቶፑን ከፈተ። ሪድዋና ከውስጥ በአጥሩ አናት ላይ ትጮሃለች።

"ደረት፣ መቶ ስድስት!"

"መቶ ስድስት! ገባ!"

"ቀስ በይ እንጂ፣ ሹፌሩ ይሰማል!" የሱመያ ድምፅ ነው።

"ወገብ፣ ስ..."

"ስድሳ በይው!"

"ትንፋሽሽን ልቀቂ አንቺ! ወገብ፣ ዘጠና ሁለት!"

የጎረቤት ሹፌር መኪና ማጠቡን አቁሞ ነበር። አትክልተኛውም ውሃውን ዘጋ። ማዳሟ ወጥታ ምን ጉድ ነው ለማለት "ሹ ሃዳ?" ስትል ሪድዋና በአረብኛ አስረዳቻት፤ ማዳሟም ሳቀችና ሜትሩን በሌላ በኩል ይዛ አገዘች። የሰማነው ትክክል ከሆነ የራሷንም አስለክታለች።

ሪድዋና ወጣች። ላፕቶፑን ከሀይደር እጅ ተቀብላ ማጽጃውን ከፈተች።

"እቴ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየጠረግኩ።"

"ትንሽ ቆይ፣ እኔ ልይ..."

"ኸላስ፣ ጠረግኩ።"

ሀይደር ዓይኑን ጨፈነ። አስራ አንድ ቤት ይቀራል፤ ሰርጉ ሳምንት ነው፤ ይሄ ከጠፋ ወደ ኮምቦልቻ በእግር ይሄዳል። ሪድዋና ፕሮግራሙን ከፈተች። ሱመያ አለች፤ ደረቷም፣ ዳሌዋም፣ ዘጠና ሁለት ወገቧም በሙሉ ክብሩ ተቀምጧል። ፊደሉም እንደምትወደው ትልቅ ነው። ፍላሹን ሰክታ ገለበጠች፤ እዚያም አለች።

"ማሻአላህ" አለች፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ታየ። "ተነስ፣ ቀጣዩ ቤት ሒሊ ሰፈር ነው፣ እንሂድ።"

ፀሐይ ሳትጠልቅ አስራ ሁለቱን ለኩ። ከዚያ ሪድዋና መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ ሁለት ጎረቤት ልብስ ሰፊዎች አገዟት፤ አል ዛሂያ ሳምንቱን ሙሉ በስፌት መኪና ድምፅ ተንቀጠቀጠ ቢባል ትንሽ ብቻ ነው የተጋነነው።

የሰርጉ ለት ሀይደር በወንዶቹ አዳራሽ ተቀመጠ። ሴቶቹ ለብቻ ናቸው፤ ቀሚሶቹን የማየት ዕድል የለውም። ሩዙ ቀረበ፤ አልበላም። ሥጋው ቀረበ፤ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ "ልጄ፣ ሙሽራዋ ታጭታልህ ነበር እንዴ?" ብለው አዘኑለት።

ድንገት ከወዲያኛው አዳራሽ እልልታው ቀለጠ። ስልኩ ነዘረ። የሪድዋና መልእክት ነው፦

"አስራ ሁለቱም ዚፕ ተዘጋ። የሱመያም።"

ሀይደር ብድግ ብሎ ብቻውን መሀል ገብቶ መጨፈር ጀመረ። ሙሽራው ገና አልገባም ነበር። ሽማግሌው ግን ምክንያቱን ሳይጠይቁ ከዘራቸውን አስቀምጠው ተከተሉት።